ስለ አረፋ ጠባይና አረፋን በትልም ስለ መንዳት

አረፋ ሲባል ለብዙዎቻችን ወዲያው ትዝ የሚለን የሳሙና ወይም የጠላ አረፋ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማወሳው አረፋ ግን በውሀ ውስጥ ሆኖ በዙሪያው ሁሉ ፈሳሽ የከበበው፥ በውስጡ አየር ወይም እንፋሎት ያለበት ድቡልቡል አረፋ ነው። ሲያዩት ደካማ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የመርከብን ብረት ይቦረቡራል፥ በሰው ደም ውስጥ ገብቶ ሐኪምን ያገለግላል፥ ከልክ ያለፈ እንደሆነም የደም ሥር ይበጥሳል። ስለዚህ አረፋን እንደ እርሻ በሬ መግራትና በተፈለገው መንገድ መንዳት ይቻል እንደሆነ ሊቃውንት ሲመረምሩ ቆይተዋል። ከዘዴዎቻቸው አንዱን፥ ሒሳቡን ሳላበዛ፥ ለክፍል ጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ለመግለጽ አስቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከመርከብ እንጀምር። ቻርልስ ፓርሰንስ የተባለው መሐንዲስ በ1894 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቱርቢኒያ የምትባል፥ በእንፋሎት ተርባይን የምትሄድ፥ ከ30 ሜትር ጥቂት የምትረዝም መርከብ አሠራ። ተርባይኑ ብርቱ ነበረ፤ መርከቢቱ ግን የታሰበላትን ያህል አልፈጠነችም። ምክንያቱ ሲመረመር የመርከቢቱ ፕሮፔለር እጅግ ፈጥኖ ስለሚዞር በምላሱ ጀርባ ያለው የውሀ ግፊት ይወርድና ውሀው እሳት ሳይነካው እንደ ቀዘቀዘ ይፈላ ኖሯል። ፕሮፔለሩም ውሀን ሊገፋ ሲገባው አረፋን ይገፋ ነበር። ይህ ነገር በሳይንስ ቋንቋ ካቪቴሽን ይባላል። ፓርሰንስ በአንዱ ዘንግ ምትክ ሦስት ዘንጎች፥ በየዘንጉም ላይ ሦስት ሦስት ፕሮፔለሮች አግብቶ ኃይሉን ለዘጠኝ አካፈለው። በ1897 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የ60 ዓመት የንግሥ በዓል በስፒትሄድ በተደረገው የባሕር ኃይል ሰልፍ ላይ ቱርቢኒያ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠች በታላላቆቹ የጦር መርከቦች መካከል አለፈች።

ፍጥነት መቀነሱ ግን ከጉዳቱ ትንሹ ነው። ትልቁ ጉዳት የፕሮፔለሩ ብረት ምስጥ እንደ በላው እንጨት መቦርቦሩ ነው። ለስላሳ ውሀና ባዶ አረፋ ብረትን እንዴት ሊበሉ ይችላሉ? ለዚህ ጥያቄ ሒሳባዊ መልስ የሰጠው ሎርድ ሬይሊ ነው፤ ጽሑፉም በ1917 ዓ.ም. ወጣ። ደስ የሚለው ነገር ሬይሊ ያንን ጽሑፍ ሲጀምር የሚያወሳው ስለ ማንቆርቆሪያ ድምፅ ነው። እኛም ይህን ድምፅ በየቤታችን እናውቀዋለን። ጀበናው ከመንተክተኩ በፊት ሹ የሚለው፥ ከሥር የተወለዱት የእንፋሎት አረፋዎች ወደ ላይ ሲወጡ ገና ያልሞቀ ውሀ እያገኛቸው ስለሚጨፈለቁ ነው። ውሀው በሙሉ ከሞቀ በኋላ የሚጨፈልቃቸው ስለሌለ ድምፁ ይለዝባል።

ሬይሊ ባዶ የሆነ ክብ ጉድጓድ በውሀ መካከል ቢፈጠር ውሀው ከየአቅጣጫው ሮጦ ጉድጓዱን እስኪዘጋው ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አሰላ። የደረሰበትም ሕግ ይህ ነው፤ የውሀውን እፍግታ በውጭው ግፊት አካፍለን የውጤቱን ስኩዌር ሩት እናወጣለን፤ ያንን በአረፋው ሬዲየስና በ0.915 እናበዛዋለን። በባሕር ጠለል ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ያለው ጉድጓድ በ92 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይዘጋል። አንድ ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከመቶ 76 ያህሉ ስለሆነ እኔ ሒሳቡን ሠርቼ ያገኘሁት 105 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ እንግዲህ በእኛ ከተማ አረፋ ሲሞት ጥቂት ይዘገያል ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ግፊቱ ነው። የጉድጓዱ ሬዲየስ ከመጀመሪያው ሃያ እጅ ባነሰ ጊዜ በአጠገቡ ባለው ውሀ ውስጥ የሚነሣው ግፊት ከውጭው ግፊት 1260 ጊዜ ይበልጣል። ብረት የሚቦረብረው ይህን የመሰለ ምት ነው።

ይህን በዓይኑ ለማየት የሚወድ ተማሪ መርፌ የሌለው አዲስ የፕላስቲክ ስሪንጅ ይፈልግ። እጅ የማያቃጥል ሙቅ ውሀ እስከ እኩሌታው ይሙላና አየሩን አስወጥቶ አፉን በጣቱ ይድፈነው፤ ከዚያ መግፊያውን ወደ ኋላ በኃይል ይሳብ። ውሀው ሲፈላ ያያል። መግፊያውን ሲለቅቀው አረፋዎቹ ወዲያው ይጠፋሉ፤ ጆሮውን ቢያስጠጋ ቀጭን ጠቅታ ይሰማ ይሆናል። ምጣድም እሳትም አያስፈልግም።

አሁን ወደ አረፋው ጠባይ እንግባ። በክፍል ውስጥ ስለ ሞላ ተምረናል፤ ኃይሉን እጥፍ ብናደርገው የሞላው መሳብ እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር ቀጥተኛ እንለዋለን። አረፋም ሞላ ነው፤ በውስጡ ያለው ጋዝ ሲጨመቅ መልሶ ይገፋልና። የሚወዛወዘው ክብደት ግን የጋዙ አይደለም። 1 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ባለው የአየር አረፋ ውስጥ ያለው አየር 5 ማይክሮ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ አረፋው ሲተነፍስ አብሮት ወዲያና ወዲህ የሚለው የዙሪያው ውሀ ግን ከ12 ሚሊ ግራም የሚበልጥ ክብደት እንዳለው ሆኖ ይሠራል። ይኸውም ከጋዙ 2500 ጊዜ ያህል መብለጡ ነው። አረፋ ማለት እንግዲህ የጋዝ ሞላና የውሀ መዶሻ ማለት ነው።

ይህ ሞላ ቀጥተኛ አይደለም። የአረፋው ሬዲየስ በእኩሌታ ቢቀንስ ይዘቱ ስምንት እጅ ያንሳል፤ ጋዙም ሙቀቱን ለውሀው ለማካፈል ጊዜ ካላገኘ ግፊቱ ከመጀመሪያው 18 ጊዜ ይበልጣል። ሬዲየሱ እጥፍ ቢያድግ ደግሞ ግፊቱ ወደ 18ኛ እጁ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢያድግ ከባዶ በታች አይሄድም። በመጭመቅ በኩል ድንጋይ፥ በመንፋት በኩል ጥጥ የሆነ ሞላ ነው። ከዚህም ጋር መዶሻው ራሱ አረፋው ሲያንስ እየቀለለ፥ ሲያድግ እየከበደ ይሄዳል። በዚህ ላይ የውሀው ገጽ እንደ ተወጠረ ቆዳ አረፋውን ይጨምቀዋል፤ የውሀው ዝልግልግነትም ይጎትተዋል። በ1949 ዓ.ም. ሚልተን ፕሌሴት የሬይሊን ሒሳብ አስፋፍቶ ስለ ጻፈ፥ ይህ ሁሉ በአንድነት የሚገኝበት እኩልታ ዛሬ በሬይሊና በፕሌሴት ስም ይጠራል።

ብዙ ካልተነካ አረፋ ይዘምራል። ማርሴል ሚናርት በ1933 ዓ.ም. እንዳሳየው 1 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ያለው የአየር አረፋ በሰከንድ 3260 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የምንጭ ውሀ ሲወርድ የምንሰማው ዜማ የእንዲህ ያሉ አረፋዎች ድምፅ ነው። ሬዲየሱ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። ብርቱ የድምፅ ሞገድ የላክንበት እንደሆነ ግን ዜማው ይጠፋል። በጀርመን አገር ቬርነር ላውተርቦርንና ባልደረቦቹ በ1981 ዓ.ም. ባወጡት ሥራ፥ የድምፁ ኃይል እየጨመረ ሲሄድ አረፋው በመጀመሪያ በየሁለት ምቱ፥ ቀጥሎ በየአራት ምቱ እየደገመ፥ በመጨረሻ ፈጽሞ የማይደግም ሁከት ውስጥ እንደሚገባ አሳዩ። በሁከት ውስጥ ያለን አረፋ አስቀድሞ መተንበይ አይቻልም፤ በመነሻው ላይ ያለችው የፀጉር ያህል አለማወቅ ቶሎ አድጋ ሁሉን ትውጣለችና።

ወላጆቻችን «ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በ1968 ዓ.ም. ሬመንድ ግራምያክና ፕራቪን ሻህ የተባሉ ሐኪሞች በደም ውስጥ ያሉ ጥቃቅን አረፋዎች በአልትራሳውንድ ምስል ላይ ደምቀው እንደሚታዩ አስታወቁ። ዛሬ ለዚሁ ተብለው የሚሠሩ አረፋዎች አሉ፤ ወፍራቸው ጥቂት ማይክሮ ሜትር፥ ማለት ከቀይ የደም ሕዋስ የማይበልጥ ሆኖ፥ እንዳይጠፉ በስብ ወይም በፕሮቲን ስስ ቅርፊት ይሸፈናሉ። ከዚህም የበለጠ ተስፋ አለ። የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ በጣም የጠበቀ ስለሆነ ብዙ መድኃኒት ወደ አንጎል አይገባም። ኩለርቮ ሂዩኒነንና ባልደረቦቹ በ2001 ዓ.ም. እነዚህን አረፋዎች በጥንቸሎች ደም ውስጥ ጨምረው በአንጎላቸው ላይ የተሰበሰበ ድምፅ በላኩ ጊዜ፥ የአረፋዎቹ መተንፈስ ያንን ግድግዳ ለጊዜው እንደሚከፍተው አሳዩ። በኋላ በሰዎችም ላይ ተሞክሯል። እንግዲህ አስቡት፤ አረፋው በዝግታ ከተነፈሰ መድኃኒት ያስገባል፤ ከልክ በላይ ተነፍቶ ከተጨፈለቀ በአንጎል ውስጥ ደም ያፈሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙ አይደለም።

ችግሩ ሐኪሙ አረፋውን በትክክል አለማወቁ ነው። አንዱ አረፋ ወፍራም፥ ሌላው ቀጭን፥ የአንዱ ቅርፊት ጠንካራ፥ የሌላው ልል ነው። የራስ ቅል አጥንትም ከሰው ሰው ስለሚለያይ ምን ያህል ድምፅ እንደ ገባ አይታወቅም። ይህን ሁሉ ለክቼ እጨርሳለሁ የሚል ሥራውን አይጀምርም። ታዲያ የማያውቁትን ነገር መንዳት ይቻላልን?

ይቻላል፤ ገበሬ በየዓመቱ ያደርገዋል። አንድ ገበሬ እርፉን በአንድ እጁ፥ ጅራፉን በሌላው ይዞ ሲያርስ የበሬዎቹን ክብደት በኪሎ አያውቅም፤ የአፈሩንም ጥንካሬ አልለካም። ሁለት ነገር ብቻ ማወቅ ይበቃዋል። አንደኛው በሬዎቹ ከትልሙ ወደ የትኛው ወገን እንዳፈነገጡ ነው፤ ሁለተኛው ጅራፉ ከበሬዎቹ እልክ የበረታ መሆኑ ነው። ወደ ቀኝ ሲያፈነግጡ ከቀኝ፥ ወደ ግራ ሲያፈነግጡ ከግራ ይመልሳቸዋል፤ ትልሙም ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ይህንን ሐሳብ ሒሳብ አልብሰው ያሳደጉት በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በሶቪየት ኅብረት የነበሩት ስታኒስላቭ የሜልያኖቭ፥ ቫዲም ኡትኪንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ኡትኪን በ1977 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ያወጣው ጽሑፍ በሌላውም ዓለም አሰራጨው። ስሙን በአማርኛ «በመንሸራተት መቈጣጠር» ልንለው እንችላለን፤ እኔ ግን በትልም መንዳት ብለው ይሻለኛል።

ሒሳቡ አጭር ነው። አሁን ያለው የአረፋ ሬዲየስ ከምንፈልገው ሬዲየስ የሚለይበትን ስሕተት «ስ» እንበለው፤ ስሕተቱ የሚለወጥበትን ፍጥነት «ፍ» እንበለው። «ለ» ደግሞ እኛ የምንመርጠው ቁጥር ነው። ትልማችን ይህ ነው፤

መ = ፍ + ለ × ስ

«መ» ዜሮ ሲሆን በትልሙ ላይ ነን ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ፍ ከለ × ስ ጋር እኩልና ተቃራኒ ስለሚሆን ስሕተቱ በራሱ መጠን እየቀለጠ ይሄዳል። ለ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ብትሆን ከ1 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ ከስሕተቱ የሚተርፈው ከመቶ 37፥ ከ3 በኋላ ከመቶ 5፥ ከ5 በኋላ ከመቶ 1 ያነሰ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያይልኝ እለምናለሁ፤ በዚህ እኩልታ ውስጥ የውሀው ውጥረት አለን? የቅርፊቱ ጥንካሬ አለን? አንዱም የለም። አረፋው በትልሙ ላይ እስካለ ድረስ የሚገዛው በራሱ ጠባይ ሳይሆን እኛ በመረጥነው ቁጥር ነው። የዚህ ዘዴ ውበት ሁሉ ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ወደ ትልሙ የሚያደርሰው ደግሞ ጅራፉ ነው። መ ከዜሮ በላይ ሲሆን የውሀውን ግፊት እንጨምራለን፤ ከዜሮ በታች ሲሆን እንቀንሳለን። ግፊት በተጨመረ ቁጥር አረፋው ወደ ውስጥ፥ በተቀነሰ ቁጥር ወደ ውጭ ይገፋል፤ ይህ አቅጣጫ በማናቸውም አረፋ ቢሆን አይገለበጥም። ለዚህም ነው ዘዴው ለአረፋ የሚስማማው። ጅራፉ መን በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ በሰከንድ 5 ሜትር መለወጥ ቢችል፥ እኛ የማናውቀው ጠባይ ሁሉ ተደምሮ ከ3 የማይበልጥ ቢሆን፥ መም በመጀመሪያ 6 ቢሆን፥ ግፋ ቢል በ3 ማይክሮ ሰከንድ ትልሙ ላይ እንደርሳለን፤ 6ን ለ2 ማካፈል ነው። አለማወቃችን ስንት እንደሆነ መለካት አያስፈልገንም፤ ከ3 አለመብለጡን ማወቅ ይበቃናል። ይህ ጅራፍ ምን ያህል ብርቱ ነው ለሚል፥ 3 ማይክሮ ሜትር ሬዲየስ ላለው አረፋ 0.15 አትሞስፌር ያህል ግፊት ይበቃል።

ነገር ግን የዘዴው ወሰን ከዚሁ ይታያል። ጅራፉ ከእልኩ መብለጥ አለበት ብለናል። የአረፋው ሬዲየስ ወደ አራት አምስተኛው ሲወርድ የጋዙ ግፊት ከመጀመሪያው 2.5 ጊዜ ያህል ይሆናል፤ ይህን 5 አትሞስፌር የሚሰጥ መሣሪያ ይችለዋል። ወደ እኩሌታ ሲወርድ 18 ይሆናል። ወደ አምስተኛው ሲወርድ 860 ይደርሳል። በዚያን ጊዜ የእኛ 5 አትሞስፌር ዝሆንን በአለንጋ እንደ መምታት ነው። ስለዚህ በትልም መንዳት ዝግ ብሎ የሚተነፍሰውን አረፋ በዝግታው ያቆየዋል፤ መጨፍለቅ የጀመረውን ግን አያድነውም። ብዙ ጊዜ «ምንም ሳያውቁ ሁሉን መግዛት» እየተባለ ሲነገር የሚታለፈው ይህ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ጅራፉ በቀኝና በግራ ያለማቋረጥ ሲቀያየር አረፋው በትልሙ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የሚሰጠው መሣሪያም ይህን ያህል ፈጥኖ ሊገለባበጥ አይችልም። መፍትሔው ከትልሙ ግራና ቀኝ ጥቂት የምሕረት ቦታ መተው ነው። በዚያ ቦታ ውስጥ ጅራፉ በሙሉ ኃይሉ አይመታም፤ እንደ ማፈንገጡ መጠን ብቻ ይነካል። ዋጋው ስሕተቱ ፈጽሞ ዜሮ አለመሆኑ ነው፤ የምሕረቱን ስፋት ለለ ብናካፍለው ስንት ስሕተት እንደሚቀር ይነግረናል። ጥሩ ገበሬም በየጣት ስፋቱ በሬውን አይገርፍም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ርቀት ነው። በወረቀትና በኮምፒዩተር ላይ ሬዲየሱ ሁልጊዜ ይታወቃል፤ በሕያው አንጎል ውስጥ ግን አረፋው አይታይም፤ የምናገኘው ድምፁን ብቻ ነው። ድምፅ በሰው ሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ይሄዳል። አረፋው ከመሣሪያው 10 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ጩኸቱ እኛ ዘንድ እስኪደርስ 67፥ የእኛ መልስ ወደ እርሱ እስኪመለስ ሌላ 67 ማይክሮ ሰከንድ ያልፋል። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ አረፋ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ130 ጊዜ በላይ ተርገብግቧል። እንግዲህ እያንዳንዷን እርግብግቢት ከሩቅ ሆኖ በጅራፍ ማስተካከል ተስፋ የለውም፤ ቀስ ብሎ የሚለወጠውን የትንፋሹን ስፋት መንዳት ግን ይቻላል። ትልሙም መሰመር ያለበት በዚህ በዝግተኛው ነገር ላይ ይመስለኛል።

በእርግጥም በሥራ ላይ የዋለው መንገድ ወደዚህ ያመራል። ሚጋን ኦራይሊና ሂዩኒነን በ2012 ዓ.ም. በአይጦች ላይ የሞከሩት መሣሪያ ድምፁን በአጫጭር ምቶች ይልካል፤ በየምቱ የአረፋዎቹን መልስ ያዳምጣል። ግፊቱን ጥቂት በጥቂት ይጨምርና አረፋዎቹ ጠባያቸውን መለወጥ መጀመራቸውን የሚያመለክተው ልዩ ድምፅ ሲሰማ ወዲያው ዝቅ ያደርገዋል። የትኛው አረፋ ምን ያህል ቅርፊት እንዳለው፥ የራስ ቅሉም ስንት ድምፅ እንዳስቀረ አስቀድሞ አይጠይቅም። በዚህ ማዳመጫ ላይ የትልሙ ሒሳብ ቢጨመር አረፋዎቹ ከምሕረቱ ቦታ እንደማይወጡ በቁጥር ዋስ ሊገኝ ይችል ነበር፤ ለዚህ ግን ከሚሰማው ድምፅ ተነሥቶ የትንፋሹን ስፋት በትክክል የሚገምት ስሌት ያስፈልጋል። ፊዚክስና ሒሳብ ለሚወዱ የክፍል ጓደኞቼ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አላውቅላቸውም።